የሚያፈስ ጀሪካን

ዛሬም ጀሪካኑ አፈሰሰ። የጋለ ቢላዋ ይዤ ቀዳዳውን ስደፍን፣ የተቃጠለው ፕላስቲክ ሽታ ገዳሪፍ ከተማ ካለው የኪራይ ክፍሌ አንሥቶ ልጅነቴ ያለፈበት ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ፣ የውሃ ሰልፍ ላይ፣ እናቴ አጠገብ ጣለኝ።

የእናቴ ጸሎት ሰዓት አልነበረውም። ወረፋ ስንጠብቅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ታወራለች።

"ይኸው ደግሞ ያፈሳል፤ ታያለህ አይደል? ትናንት በሳሙና የደፈንሁት'ኮ ነው!" ትለዋለች። ከፊታችን ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ ስታያት፣ እኔን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

"እማ፣ ለእግዚአብሔር የጀሪካን ወሬ ይነገራል እንዴ? እንደ ሰው ዳዊትሽን ድገሚና ጨርሺ!"

"ዳዊቱንማ ደግሜ ነው የወጣሁት፣ አንቺ ልጅ። የጀሪካኑን ታዲያ ለማን ልንገር? የስደተኞች ቢሮው ያለው ሾዋክ ከተማ ነው። እሱ እዚሁ ነው።"

ተራችን ሊደርስ ሲል ቧንቧ ጠባቂው "ኻላስ!" ብሎ ዘጋው። ውሃ አለቀ። እሷ ባዶውን ጀሪካን አንሥታ፣ "ይህንንም አየህልኝ?" እያለች ወደ ቤት መንገድ ገባች። እኔ በንዴት ጦፌ ከኋላ ተከተልሁ።

እኔማ ሥርዓት አለኝ። ጠዋትና ማታ ስልኬ ለጸሎት ይጠራኛል። አሁንም ጠራኝ። ቢላዋውን አስቀምጬ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ቆምሁ፣ አማተብሁ፣ "አባታችን ሆይ" ብዬ ጀመርሁ።

ከኋላዬ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

"ይኸው ደግሞ ያፈሳል!" ብዬ ጮኽሁ። "ታያለህ አይደል?"

ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።