መስኮቷ ላይ የተወተፈው ሻርፕ

ዛሬ ጠዋት እናቴ ከገበያ እየሮጠች መጥታ ነገረችኝ፤ አብራን የታሰረችው የሕክምና ተማሪ ወደ ትምህርቷ ልትመለስ ነው! ከደስታዬ ብዛት መቀመጥ አቃተኝ። ቤቱን ዞሬ ዞሬ ሲደክመኝ ይሄን መጻፍ ጀመርኩ።

እኔን በደርግ ጊዜ የያዙኝ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው። ቃሊቲ ውስጥ ያለ የቀበሌ እስር ቤት አስገቡኝ። ቀድሞ የእህል መጋዘን ስለነበር የጤፍ አቧራ ይሸታል። እግር ለመዘርጋት እንኳ ተራ ይያዛል። ከላይ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ጉንዳን ወረረሽ እንዴ?» ይሉኛል እስረኞቹ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከእናቷ ጋር የታሰረች ሕፃን በትኩሳት ነደደች። ከጆሮዋ ኋላ ሽፍታ ወጣባት። የክፍላችን እስረኞች ኃላፊ የወሎ ነጋዴ ነበሩ፤ እትዬ እንላቸዋለን። ሻርፓቸውን አውልቀው መስኮቷ ላይ ወተፉት።

«ኩፍኝ ነው። ንፋስ ከነካት አለቀላት።»

ሙቀቱ አፈነን። ሕፃኗ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ጀመረች። በሩን ብንደበድብ ዘበኛው «ሐኪም የለም፣ ዝም በሉ!» አለ።

«እትዬ፣ እባክዎ ይክፈቱት» አለች ተማሪዋ።

«አንቺ ዶክተር፣ ጉንፋንም ያተኩሳል። ለጉንፋን ማን መስኮት ከፍቶ ያውቃል?»

«ጉንፋን ሲገባ የተነካው ሴል ይጮሃል። ጎረቤቶቹ ሰምተው በራቸውን ይዘጋሉ። የሰውነት የመጀመሪያ ዘቦች ማንነቱን ሳይጠይቁ ይረባረቡበታል። ንፍጡም ትኩሳቱም የእነሱ ግርግር ነው።»

«ኩፍኝስ?» አልኩ፣ ቆሜ።

«ኩፍኝ ጩኸቱን ያፍነዋል። ዘቦቹ ውስጥ ራሱ ይገባል። እነሱው ተሸክመውት ይዞራሉ።»

«ወላሂ፣ እንደኛ ቀበሌ ነዋ!» አሉ እትዬ። ሳቃችን አመለጠን፤ ወዲያው አፋችንን ያዝን።

ተማሪዋ ግን አልሳቀችም። «በሽታውን ለይተው የሚያውቁት ሌሎቹ የሰውነት ወታደሮች ዘግይተው ነው የሚደርሱት። እስኪደርሱ አየርና ውሃ እንስጣት። ኩፍኝ ቀድሞ የወጣባችሁ ወደ እሷ፣ ያልወጣባችሁ ወደ በሩ።»

ማንም አልተነቃነቀም። የሕፃኗ እናት እትዬን ቀና ብላ አየቻቸው።

እትዬ ተነሱ። ሻርፑን ከመስኮቷ መዘው አወጡት። ለራሳቸው ካስቀመጡት የመጠጥ ውሃ አፍስሰው አራሱትና የሕፃኗ ግንባር ላይ አደረጉላት። መስኮቷ ሥር ያለው ቦታ የእሳቸው ነበር፤ ለቀቁላት።

ኩፍኝ በልጅነቴ ወጥቶብኛል። ሕፃኗን ታቅፌ እዚያ ተቀመጥኩ። እናቷ በማንኪያ ውሃ ስታጠጣት፣ ፀሐይዋ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እስክትዞር ድረስ አልተነሳሁም። እግሬ ደንዝዞ ነበር።

ያቺ ሕፃን አሁን አጥራችን ላይ ትንጠላጠላለች። ውረጂ ብትባል አትሰማም። እኔም ዛሬ ድረስ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አርፌ መቀመጥ አልችልም፤ ልጅ ካቀፍኩ ግን እችላለሁ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ተማሪዋ እኛ ቤት፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ፣ ያንን ትምህርት ደግማ ታስረዳናለች። እትዬም ይመጣሉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ መስኮቱን እኔ እከፍታለሁ።