እናቴ የቀበረችው ንፍፊት

መጀመሪያ በጣቴ ያገኘኋት ሻሽ ሳስር ነው። ከግራ ጆሮዬ ዝቅ ብሎ፣ አንገቴ ላይ፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ነገር። አታምም፣ አትቀላም፤ ስገፋት ሸርተት ትላለች። «ንፍፊት ነው፣ ጉንፋኑ ሲለቀኝ ይጠፋል» አልሁና ሥራዬን ቀጠልሁ። ያኔ ከጅዳ ተመልሼ መካነ ሰላም ገበያው ዳር ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ከከፈትሁ ብዙ አልቆየሁም። ይህን የምጽፈው አንገቷን እየዳሰሰች እንደ እኔ ራሷን ለምታታልል እህት ነው። ስላላመመሽ አትናቂው።

ባቄላዋ እንቁላል አከለች። ሌሊት ላብ ያጠምቀኝ ጀመር፤ ቀሚሴም ወገቤ ላይ ይዞር ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄጄ «የእጢ ቲቢ ሳይሆን አይቀርም» ተባልሁ። በእኛ አገር አንገት ሲያብጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው፣ አይፈረድባቸውም። ክኒኑን ለወራት ዋጥሁ። ሽንቴ በመድኃኒቱ ቀላ እንጂ እብጠቱ አልጎደለም። በመጨረሻ የከተማችን ወጣት ሐኪም አንገቴን አደንዝዞ አንዷን እጢ አወጣና ፎርማሊን በሞላ ጠርሙስ ከትቶ ሰጠኝ።

«አዲስ አበባ ፓቶሎጂ ክፍል ታደርሺዋለሽ። እዚህ የሚመረምረው የለም። አደራ፣ ከፈሳሹ እንዳይወጣ።»

አውቶቡሱ የሚነሳው በማግስቱ ስለነበር ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ጋደም አልሁ። ስነቃ ጠርሙሱ ታጥቦ ተደፍቷል። እናቴ ደጅ ላይ እጇን ትታጠባለች። እጇ አፈር በአፈር ነው።

«እማ፣ እዚህ የነበረውስ?»

«ቀበርሁት።»

«ምን አልሽ?»

«የሰው አካል በጠርሙስ ይቀመጣል እንዴ ልጄ? በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ቢስሚላህ ብዬ፣ ከእንሶስላው ሥር አኖርሁት። ያንን የሚሸት መርዝማ ደፋሁት።»

ምን ልበላት? በእኛ ዘንድ የተቆረጠ ጥፍር እንኳ ሜዳ አይጣልም። እትብት ይቀበራል፤ ማጭድ የቆረጠው ጣትም ይቀበራል። እናቴ ያደረገችው ከልጅነቷ የምታውቀውን ነው። እኔ ግን ጮህሁባት። ወላሂ፣ አንገቴ እንደተሰፋ ጮህሁባት። ነገሩ ሲገባት ሮጣ ሄዳ መሬቱን በጣቷ ቧጥጣ አወጣችው። ጉንዳን ወርሮታል። ሐኪሙ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ከእንግዲህ አይሆንም» አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የእኛ ግን የሚለቀምም አልነበረም።

እንግዲህ ሁለተኛ መቀደድ ነው። ቁስሉ እስኪደርቅ፣ የሚሸኘን ዘመድ እስኪገኝ፣ ወረፋው እስኪደርስ ሳምንታት አለፉ። በዚያ መሐል ብብቴ ሥርም ወጣ። አዲስ አበባ ላይ ከዚያው ከብብቴ ቆርጠው ወሰዱ። ጠርሙሱን እስከ ፓቶሎጂው መስኮት የወሰደችው እናቴ ናት። በሁለት እጇ ይዛ፣ ለማንም ሳታስነካ።

ውጤቱ መጣ። ሊምፎማ። የእጢ ካንሰር። እናቴ ፊቴን ታያለች። እኔ ግድግዳውን አያለሁ።

«ሊምፎማ አንድ ዓይነት አይደለም» አለችኝ የካንሰር ክፍሏ ሐኪም። «ለዓመታት የሚያዘግም አለ፣ በሳምንታት የሚጋልብም አለ። የአንቺ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ፍጥነቱን መለካት አለብን። ኪ-ስልሳ ሰባት የሚባል ምርመራ አለ። ከመቶው የእጢ ሴል ስንቱ በመባዛት ላይ እንዳለ በቀለም ለይቶ ያሳያል።»

ምርመራው ያኔ እዚያ አይሠራም ነበር። እንዳይበላሽ በሰም የደረቀው ቁራጭ ሥጋዬ ውጭ አገር ተላከ። እኔ ጅዳ ለመሄድ ስንት ወር ደጅ ጠንቼ፣ ያቺ ቁራጭ ያለ ፓስፖርት በረረች።

ከዚያ መጠበቅ። እዚያው አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ተኝቶ መጠበቅ። ጠዋት ተነስቼ አንገቴን እነካለሁ። ትናንት ይህን ያህል ነበር? አላውቅም። እንደገና እነካለሁ። መሥራት የምችለው ነገር የለም። መሮጥ የለ፣ መለመን የለ፣ የሚጣሉት ሰው የለ። እናቴ ዱዓ አድርጋ ስትጨርስ እጇን አንገቴ ላይ ታኖራለች። አንድ ቀን፣ «ሌባ ቢሆን በሩን እዘጋበት ነበር፤ አንቺው ውስጥ የሚራባውን ምን ላርገው?» ብላ ተንሰቀሰቀች።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። «ከመቶው ሰማንያ። በጣም ፈጣን ነው።»

«ፈጣን ማለት ደግ ነው ወይስ ክፉ?» አለች እናቴ።

«ሁለቱንም ነው፣ እማማ። ዝም ካልነው ይገድላል። ግን ኬሞቴራፒ አጥብቆ የሚመታው በመባዛት ላይ ያለውን ሴል ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ለመድኃኒቱ ይበገራል። ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። ቃል ልገባላችሁ አልችልም።»

«ያ ሁለተኛ እስክቀደድ ያለፈው ጊዜስ?» አልሁ። ለምን እንደጠየቅሁ እንጃ። «ጎድቶኝ ይሆን?»

«አላውቅም» አለችኝ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። ስንወጣ ክንዷን ያዝሁ። ጩኸቱን ቀድሜ ጨርሼው ነበር።

ቀዩ የኬሞቴራፒ መድኃኒት በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥሬ ገባ፤ ፀጉሬ ሻሼ ውስጥ ተራግፎ ቀረ፤ አፌ ቆስሎ በአጥሚት ብቻ ከረምሁ፤ ሆኖም ገና ከመጀመሪያው ዙር በኋላ አንገቴ ላይ ያለው እየለሰለሰ፣ እየሟሸሸ ሲሄድ በጣቴ እሰማው ነበር። ሐኪሟ «እየሠራ ነው» ስትለኝ እኔ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ሆንሁ። ያመንሁት ሕክምናው አልቆ ወደ አገር ስንመለስ፣ አውቶቡሱ ደጎሎ ላይ ቆሞ የገብስ ቆሎ ሲሸት አምሮኝ፣ እናቴ በጉያዋ ሙሉ ገዝታልኝ፣ ሁለታችንም እየቆረጠምን ሳቅ ይዞን ሰው ዞሮ ሲያየን ነው። ዓመታት አለፉ፤ አልሐምዱሊላህ፣ እስካሁን አልተመለሰም። ወጣቱን ሐኪም፣ «አላውቅም» ለማለት ያላፈረችውን ሐኪም፣ ቤቷ ያስተኛችኝን አክስቴን አላህ ይስጥልኝ።

ለአንቺ የምለው፦ ከሰውነትሽ የተወሰደው ምን እንደሚደረግበት ጠይቂ። ምን ዓይነት ነው ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ይፈጥናል ብለሽም ጠይቂ። ከሁሉ በፊት ግን ጠርሙሱ ምን እንደሆነ ለእናትሽ ንገሪያት።

በሰም የደረቀችውን ቁራጭ መልሰው ሰጥተውኛል። በሽታው ከተመለሰ ትመሳከራለችና አስቀምጪያት ተብያለሁ። ቁም ሣጥን ውስጥ ናት። እናቴ እንሶስላውን በኮተኮተች ቁጥር ትጠይቀኛለች።

«አሁንስ አፈር አትለብስም?»

«አትለብስም፣ እማ።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ እስክቀበር።»

መኮትኮቻዋን ታስቀምጣለች።

«እንግዲያስ እኔ የማላየው ይሁን» ትላለች። «ትቀመጥ።»