ለሰላምታ የሚበቃ መስመር

የምሠራው የክሊኒኮችን ኔትወርክ በሚያቅድ ክፍል ነው። ክሊኒኮቻችን አትላንታ ዙሪያ ተበታትነዋል፤ የሁሉም የኢንተርኔት መስመር ግን ፒችትሪ ኮርነርስ ወዳለው ማዕከል ይገባና ከዚያ ይወጣል። ክላርክስተን ያለ ሐኪም ብሩክሄቨን የምትሠራውን አስተርጓሚ በቪዲዮ ሲያገኛት ምስሉ ማዕከሉን ሳይረግጥ አያልፍም። ለየትኛው ቅርንጫፍ ምን ያህል ሰፊ መስመር እንደሚበቃው መገመት የእኔ ሥራ ነው።

ክላርክስተን ግምቴን አፈር ድሜ አበላው። ትንሹ ቅርንጫፋችን ሆኖ ሳለ መስመሩ ከጠዋት እስከ ማታ ጢም ብሎ ይሞላል። አለቃዬ እዚሁ ያደገች የሐበሻ ልጅ ናት፤ ግራፉን አይታ ሳቀች።

«ላይክ፣ ሙቪ ነው እንዴ የሚያዩት? ቪዲዮውን ካት አድርገን በስልክ ብቻ ያስተርጉሙ። ፍራይዴ ዲሳይድ አደርጋለሁ።»

ሰው ሳያዩ በግራፍ መፍረድ ያናድደኛል። በማግስቱ ክላርክስተን ሄድኩ።

ሐኪሙ ክፍል ውስጥ አንዲት አዛውንት እናት ስክሪን ፊት ተቀምጠዋል። የቪዲዮውን ምስል ለማየት መምጣቴን ስነግራቸው «ያገር ልጅ ነህ፣ ቁጭ በል» አሉኝ። አስተርጓሚዋ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች።

«እንዴት አደርሽ ልጄ? ደህና ነሽ? ልጆች ደህና? ባለቤትሽስ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ?»

ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። ምስሉ ቀጥ አለ። ተመልሶ ሲመጣ እናታችን ካቆሙበት አልቀጠሉም፤ ነውር ነዋ! «እንዴት አደርሽ ልጄ?» ብለው እንደገና ሀ ብለው ጀመሩ። አሁንም ቀጥ አለ፣ አሁንም ሀ ብለው ጀመሩ። የመስመሩ ጥበት ሰላምታውን እያስደጋገመ ራሱኑ መስመሩን እያጨናነቀው ነበር፤ ሳቄን ዋጥኩት።

በዚህ መሃል ሐኪሙ ምን እንደሚያማቸው አስጠየቀ።

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ክሊኒክ ድረስ መጥቶ ደህና ነኝ የሚል ሰው ሐኪሙን ግራ አጋባው፤ እኔን አልገረመኝም። እንዲህ ያሉ እናቶች ሕመማቸውን የሚናገሩት ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ ፊቱን ላዩት ሰው ነው። የእሳቸው ሰላምታ ደግሞ ምስሉ እየተቋረጠ አንድ ቀንም አልቆ አያውቅም። ቪዲዮው ከተቆረጠ ሕመማቸውን ይዘው ሊመላለሱ ነው። ሳቄ ጠፋ።

ተመልሼ ያየሁትን ለአለቃዬ ነገርኳት።

«ኦ ማይ ጋድ፣ አያቴም እንደዚያ ናት! ኦኬ፣ አፕግሬድ እናድርገው። ግን ፕላኑ ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?»

«ሰላምታ በይው» አልኳት።

ለክላርክስተን ሰፋ ያለ መስመር ያዝን። ጥሪው ማዕከሉ ላይ ገብቶ ስለሚወጣ እዚያም እጥፍ አድርገን አሰብንለት።

አዲሱ መስመር በተከፈተ ሳምንት እናታችን ቀጠሮ ነበራቸው፤ ፈቅደውልኝ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ሰላምታው ከልጆች ወደ ባል፣ ከባል ወደ ጎረቤት ተሻገረ። ምስሉ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ሰላምታው አለቀ፤ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይቺ ክንዴ አልነሳ ካለችኝ ቆየች። የልጅ ልጄን ፀጉር መሥራት አቃተኝ።»

ሐኪሙ ትከሻቸውን ዳስሶ በሕክምና እንደሚድን ነገራቸው። ሲተረጎምላቸው ፊታቸው በራ፤ እኔም እንደዚያን ቀን በሥራዬ ተደስቼ አላውቅም። ከዚያ ምርቃት ጀመሩ፤ ሐኪሙን፣ አስተርጓሚዋን፣ ልጆቿን፣ እኔን። ለምርቃት የሚሆን መስመር አላሰብኩም ነበር! ዓይኔን ምስሉ ላይ ተክዬ አሜን፣ አሜን እላለሁ፤ እሳቸው አሁንም ይመርቃሉ፣ መስመሩም ችሎታል።