ከሰማያዊው መብራት ሥር

እኛ አቃቂዎች ሰውን የምናማው በሁለት ነገር ነበር፤ በመጠጥና በቅምጥ። በጀሪካን መታማትን ለሰፈራችን ያስተዋወቀው በያጁ አምባው ነው።

በ2005 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አምባው በየእሑዱ ማለዳ ባዶ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ደብረ ዘይት ይሄዳል፤ እኩለ ቀን ላይ ሞልቶት ይመለሳል። ቧንቧችን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለምትመጣ ውኃ የሚሸከም ሰው ለእኛ ብርቅ አይደለም። ግን ለሃያ ሊትር ውኃ ማን ደብረ ዘይት ድረስ ታክሲ ይሳፈራል? ለራሱ አንድ፣ ለጀሪካኑ አንድ ሂሳብ እየከፈለ?

እኔ ወዲያው ቅምጥ አወጣሁለት። «ለቅምጥ ደግሞ ጀሪካን ምን ያደርጋል?» ሲሉኝ፣ «ውኃ አጣጩ እዚያ ሆና ነዋ!» አልኩ። ወሬዬ ሁለት ቀን በደንብ ከሄደች በኋላ እትዬ ፍቅርተማርያም ገደሏት። እሳቸው ጠበል ነው አሉ። ብለውም አልቀሩ፣ ኩባያ ይዘው ደጁ ላይ ቆሙ።

«አምባው ልጄ፣ ለዚህ ጉልበቴ አንዲት ኩባያ ብቻ።»

«እትዬ፣ ጠበል አይደለም።»

«ጠበል ያገኘ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።»

«የሐይቅ ውኃ ነው እኮ! ቀለሙን አያዩትም? አረንጓዴ ነው።»

«ታዲያ ኃይሉ በምን ይታወቅ?»

ሰጣቸው፤ ተቀቡት። በማግስቱ ያለ ከዘራ ቀበሌ ድረስ ሄደው ሲመለሱ ሰፈሩ በሙሉ አየ። በሚቀጥለው እሑድ አራት ባልቴቶች ጠርሙስ ይዘው ተሰለፉ። አምባው በሩን ዘጋባቸው።

ስለ በሩ መናገር አለብኝ። አምባው የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው። ብየዳ የተማረው ብረታ ብረት ፋብሪካ ተቀጥሮ ሲሆን፣ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ የራሱን ብየዳ ቤት ከፈተ። ለሰው የሠራው በር ቱቦላሬና ላሜራ ነው፤ እንደ ሁላችንም በር። ለራሱ ግን ከደንበኛ ሥራ የተረፈ ቁርጥራጭ እያጠራቀመ በአራት ዓመት አንድ በር ሠራ። በሩ ላይ የወይን ሐረግ አለ፤ ቅጠሉ አንድ በአንድ ከላሜራ ተቆርጦ፣ ሥሩ ሳይቀር በመዶሻ ተቀጥቅጦ የወጣለት። ለሠርግም ለለቅሶም የሚመጣ እንግዳ «የአምባውን በር አልፈህ በግራ» እየተባለ ነበር የሚመራው። እሱ ራሱ ዝምተኛ ስለሆነ ልቡ ያለው በሩ ላይ ነው እንል ነበር።

እና ያን በር ሸጠው።

ለምን እንደሸጠው ለመናገር ሁለት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

አቶ ጣሰው የሚባል ሰው ደብረ ዘይት ከአንዱ ሐይቅ ዳር መዝናኛ ነበረው። ሠርገኛ አሳፍሮ የሚያንሸራሽር የብረት ጀልባ ሲፈልግ አምባውን አዘዘው። አምባው ከባልደረባው ከደበላ ጋር በስድስት ወር ሠራለት። ደበላ ሳቂታ ሰው ነበር፤ መዶሻው እጀታ ላይ ነጭ ፕላስተር ጠምጥሞ «የኔ መዶሻ ቆስላ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ያዟት» ይል ነበር። ጀልባው ሲያልቅ ጣሰው ከሥሩ መብራት ይግባለት አለ። ማታ ማታ ውኃው ውስጥ የሚያበራ፣ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት ማለቱ ነው። መብራቱን እንዲመርጥ የተላከውም አምባው ነው።

ሳሪስ ሄደ። የመኪና መብራትና ባትሪ የሚሸጠው ሙህሲን አንድ ብርጭቆ የቧንቧ ውኃ ሞልቶ ሰማያዊውን መብራት ሲያስጠጋለት ብርጭቆዋ ሰማይ መሰለች። ሌላ አልጠየቀም። ገዝቶ ከጀልባው ሆድ ገጠመው። ጣሰው ደስ ብሎት ደበላን የሞተር ጠባቂ አድርጎ ለሠርግ ወራት ያዘው።

የጥር ወር ሠርግ ነበር። አምባውም ሥራውን ሊያይ ተጋብዟል። ፀሐይ እንደገባች ጀልባዋ ከዳር ቆመች፣ ሠርገኛው በጭፈራ ወረደ። ደበላ የሠርግ ጌጥ ጨርቅ ሞተሩ ላይ ተጠምጥሞ ስላየ ሊፈታው ወደ ኋላ አጎነበሰ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። የተሰማውም ከበሮው ብቻ ነው።

ሲፈለግ ሲታጣ ሁሉም ባትሪ ይዞ ወጣ። ጀልባው ሥር ያለው ውኃ በሰማያዊ መብራት ደምቋል። አምባው ወደዚያ አየና አንዲት ቃል ተናገረ፤ «እዚህ የለም፣ ብርሃን ነው። ወደ ጨለማው እንፈልግ» አለ። ትክክል ነው የመሰለው። ከበራ ቦታ ሰው እንዴት ይጠፋል? ሁሉም ተከተለው። ሐይቁን ሲያስሱ አደሩ።

በሦስተኛው ቀን ጠላቂዎች ደበላን አገኙት። ከጀልባው ሥር ነበር፤ ሁለት ሜትር በማይሞላ ጥልቀት፣ ከመብራቱ በታች። መብራቱ ሦስቱንም ማታ በርቶ ነበር።

ከቀብር በኋላ አምባው የደበላን መዶሻ ከብየዳ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ማንም አልነካውም። የደበላ ሚስት በላይነሽ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ትሠራለች። መንገድ ላይ ስታገኘው ሰላም ትለዋለች፣ ታልፋለች። ቤቱ አልመጣችም፤ አልወቀሰችውምም። ወቅሳው ቢሆን ይሻለው ነበር ይላሉ።

ጀልባዋ ከዓመት ተኩል በላይ ቆማ ነበር። በ2005 መስከረም ላይ ጣሰው ለጥር ሠርግ እንደሚያወጣት ተሰማ። አምባው ሄዶ፣ «መብራቱ ይቀየር» አለው።

«ሰማያዊው ምን ሆነ? ሰው ፎቶውን አይቶ እኮ ነው የሚመጣው።»

«ከሥሩ ያለውን አያሳይም።»

«ምን ያሳይ? ዓሣ ልሸጥላቸው ነው?» አለና፣ የተናገረው ለራሱም ከበደው መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ አምባው፣ ሰማያዊውን አላወልቅም። ሌላ መጨመር ከፈለግክ በራስህ ኪስ ጨምር። አልከለክልህም።»

ጀሪካኑ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ሙህሲን መብራት ለሙከራ ከሱቅ አያስወጣም። ስለዚህ አምባው ሐይቁን ወደ ሱቁ አመጣው። መጀመሪያ ስንዝር የማትሞላ ስፋት ያላት፣ ሁለት ሜትር የምትረዝም የላሜራ ቱቦ ሠራ፤ ታችዋ የተደፈነ፣ ውስጥዋ ጥቁር ቀለም የተቀባ። ልክ አንድ ጀሪካን ውኃ ይሞላታል። ቱቦዋን ከሙህሲን ሱቅ ጓሮ ካለው ግድግዳ ጋር አሰራት። ከዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ውኃውን ይዞ ከች አለ።

«ጋሽ አምባው፣ ዛሬ ደግሞ ውኃ ይዘውልኝ መጡ?» አለ ሙህሲን፤ የስልጤ ልጅ ነው፣ ምላሱ ስል ነው። «እኔ የምሸጠው መብራት ነው እኮ።»

«መብራትህን በዚህ ውስጥ አሳየኝ።»

«በዚህ? መብራቴ ጉንፋን ይይዘዋል!»

«ያኔ ያሳየኸኝ በብርጭቆ ነበር። ሐይቁ ብርጭቆ አይደለም።»

ሙህሲን ሊስቅ ከፍቶት የነበረውን አፍ ዘጋው። የደበላን ሞት ሰምቷል፤ መብራቱ ከማን ሱቅ እንደተገዛ ግን እስከዚያች ደቂቃ አላሰበውም ነበር። ሄዶ መሰላል አመጣ።

አምባው የደበላን መዶሻ በሲባጎ አስሮ ከቱቦዋ ታች አወረደው። ውኃውን ሞላ። መሰላሉ ላይ ወጥቶ ሰማያዊውን መብራት ውኃው ውስጥ ነከረና ቁልቁል አየ። ሰማያዊ ጉም ነው። ያማረ፣ የደመቀ ጉም። መዶሻው የለም። ወርዶ የባትሪ ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

«ውኃ ላምጣልዎ፣ ጋሼ? የሚጠጣ ማለቴ ነው» አለው ሙህሲን።

ውኃው ካደረ አረንጓዴው ታች ዘቅጦ ይጠራል፤ ከጠራ ደግሞ ሐይቅ አይደለም። ስለዚህ በየእሑዱ ትኩስ ውኃ ተቀዳ። በሁለተኛው እሑድ ነጩን ሞከሩ። «ይኼ ጉም ውስጥ የመኪና ረጅም መብራት እንደማብራት ነው፤ መልሶ ዓይንህን ነው የሚወጋህ» አለ አምባው። በሦስተኛው ቢጫውን ሞከሩ፣ ከነጩ ትንሽ ተሻለ እንጂ መዶሻውን አላሳየም። በአራተኛው እሑድ ሙህሲን ከላይ መደርደሪያ አቧራ የለበሰ አረንጓዴ መብራት አወረደ፤ ሁለት ዓመት የጠየቀው ሰው አልነበረም።

አምባው ቁልቁል አየ። ከታች፣ እጀታው ላይ የተጠመጠመው ነጭ ፕላስተር ይታያል። ዙሩ ሊቆጠር ይችል ነበር።

«ታየ?» አለ ሙህሲን ከመሰላሉ ሥር።

«ታየ» አለ አምባው። ፊቱ ላይ ግን ደስታ የሚባል ነገር አልነበረም።

ከዚያ ዋጋ ተነሣ። ላስቲክ ገላ ያለው ርካሽ መብራት አለ። «እሱ በሦስት ወሩ ውኃ ይጠጣና ይሞታል፤ ለእርስዎ አልሸጠውም። የነሐሱን ይውሰዱ» አለ ሙህሲን። ለጀልባው ዙሪያ አራት ያስፈልጋል። «ትርፌን ትቼዋለሁ፤ ዋናውን ግን ልጆቼ ይበሉታል።» ትርፉ ተትቶም ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ብር ሆነ። አምባው እጅ ላይ ሁለት ሺህም አልነበረም።

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቤት የሠራ ሰው በሩን ልግዛህ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠይቆ ሦስት ጊዜ እምቢ ተብሎ ነበር። አሁን አምባው ራሱ ደወለለት። ከዚያ በፊት ሚስቱን መዓዛን አማከራት። እሷም፣ «በሩን ስትሠራ አራት ዓመት እንቅልፍ ነሣኸኝ። ሲሄድ ደግሞ አንተ ከተኛህ፣ ይሂድ» አለችው።

በሩ በአይሱዙ ተጭኖ ሲሄድ ሰፈሩ ወጥቶ አየ፤ እትዬ ፍቅርተማርያም ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። በቦታው ቆርቆሮ ተመታ። ያን ቀን ለእኔ እንኳ ቀልድ አልመጣልኝም።

ጥምቀት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው አምባው አራቱን መብራቶች ገጠመ። ሊሞክራቸው የሚሄድበት ቀን በላይነሽ ብየዳ ቤቱ ደጅ መጥታ ቆመች። የበሩን ወሬ ሰምታለች።

«ጋሽ አምባው፣ እኔም ልምጣ» አለችው።

እኔም ተከተልኩ። ለምን እንደሄድኩ አልዋሽም፤ ወሬው እንዳያመልጠኝ ነው።

ምሽት አንድ ሰዓት ሲል ጀልባዋ ከዳር ቆማ ነበር፤ ጣሰው ኮቱን ደርቦ ራቅ ብሎ ቆሟል። አምባው መዶሻውን ከጀልባው ኋላ፣ ደበላ ከተገኘበት ቦታ ላይ፣ በሲባጎ አወረደው። ሲባጎው ላላ፤ ታች ደረሰ። በመጀመሪያ ሰማያዊውን አበራ። ውኃው ደመቀ፣ አማረ። በላይነሽ ጣውላው ላይ ተንበርክካ አየች።

«ምንም የለም» አለች።

ሰማያዊውን አጠፋና አረንጓዴውን አበራ። ጣሰው «ሠርገኛ እንቁራሪት አይደለም» ሊል እንደነበር ኋላ ነግሮኛል፤ አላለም። ውኃው ተከፈተ ልበል? ድንጋዩ ታየ፣ የውኃው ሣር ታየ፣ በሣሩ መሃል ነጩ ፕላስተር ታየ። በላይነሽ ከዚያ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ያኔ ይኼ ቢሆን ኖሮ፣ ይታይ ነበር?»

አምባው መዋሸት ይችል ነበር። «አይታወቅም» ቢላት ማን ይጠይቀዋል?

«ይታይ ነበር» አላት።

«በነፍስ ይደረስለት ነበር?»

«እሱን አላውቅም፣ በላይነሽ። ይታይ ግን ነበር። የመረጥኩት መብራት ነው የሸፈነው።»

 ከዚያ ሳትዞር፣ «‹እዚህ የለም› ያልከው አንተ ነህ ይላሉ» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ከሰው አፍ ከሰማሁት ሁለት ዓመት ሆነኝ። ካንተ አፍ እስክሰማው ነበር የምጠብቀው።»

ያ የሰው አፍ የማን እንደነበር አውቃለሁ። ከተዝካሩ በፊት ነው የነገርኳት፣ ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ሌላ ወሬ እንደሚነግር ሰው።

አምባው ሲባጎውን ሊስብ እጁን ሲዘረጋ ከለከለችው። ራሷ እየጠቀለለች፣ ቀስ እያለች ሳበችው። መዶሻው ከውኃው ወጣ። በነጠላዋ ጫፍ ብረቱን አደረቀች፣ የላላውን ፕላስተር በአውራ ጣቷ ተጭና መለሰችው። ከዚያ ለአምባው ሰጠችው።

«ሥራበት» አለችው። «ተሰቅሎ ይዝጋል።»

አምባው ወደ ጣሰው ዞረ። «ሰው ሲሳፈርና ሲወርድ አረንጓዴው ይበራል፣ ሰማያዊው ይጠፋል። ፎቶ ከፈለጉ ሐይቁ መሃል ይነሡ» አለው። ጣሰው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ በላይነሽ ከፊት፣ እኔና አምባው ከኋላ ተቀመጥን። መዶሻውን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ይዞታል። የረጠበው ሲባጎ ጫማዬ ላይ ይንጠባጠባል። ረዳቱ መዶሻውን አይቶ፣ «ፋዘር፣ በሰላም ነው?» ብሎ ቀለደ፤ ከዚያም እንድስቅ ጠብቆ እኔን አየኝ። መልስ ነበረኝ፤ ጥሩ መልስ ነበረኝ። እስከ አቃቂ ድረስ አፌን አልከፈትኩም።