የታጠበው ምጣድ

ከመንደራችን ከኮሶዬ የወጣነው ገና ሳይነጋ፣ ጉሙ መንገዱን እንደዘጋው ነው። ያን ሌሊት ማናችንም አልተኛንም። የባለቤቴ የእታገኝ የጉዞ ወረቀት ስላልደረሰ፣ እኔና ልጃችን ህሊና መቅደማችን ነበር። እታገኝ ለቅሶ አላበዛችም። መኪናው ድረስ ሸኝታን «ልጄን ብቻዋን እንዳታበላት፤ ከአንድ ገበታ ብሉ» አለችኝ። ማልሁላት።

ይኸው ሜልቦርን ከገባን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። የእታገኝን ወረቀት የያዘው ቢሮ በጠየቅሁት ቁጥር «በሂደት ላይ ነው» ይለኛል። መሐላዬም ፈርሷል። ህሊና አሥራ አምስት ሞላት፤ ሳህኗን ይዛ ክፍሏ ትገባና በሯን ትዘጋለች። እኔ ከሽሮዬ ጋር እፋጠጣለሁ። አገር ቤት ያላችሁ፣ ልጅ አባቷን ትታ ከስልክ ጋር ስትበላ አላያችሁምና አትፍረዱብኝ። ተቆጣሁ፣ መከርሁ፣ ተለማመጥሁ። በመጨረሻ አንድ ቀን፣

«የጓደኛዬ አባት ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ፍራይድ ራይስ ይሠራልናል» አለችኝ። «እንደሱ ብትሠራ እወጣለሁ።»

ሩዝ! እኛ አገር ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል እንጂ፣ ወንድ ልጅ ደጅ ቆሞ ሲያገላብጠው አላየሁም። ቢሆንም እሺ አልሁ። ከግቢያችን ጥግ የአከራያችን ሰፊ የብረት ምጣድ አለ፤ ከሥሩ በጋዝ ይነዳል። ጥቁር ነው፣ ቅባት የጠጣ። የቀድሞ ተከራዮች የአሳማ ሥጋ ይጠብሱበት እንደነበር ሰምቻለሁ። እንዲህ ባለ ዕቃ ለልጄ ምግብ አልሠራም ብዬ፣ ግማሽ ቀን በአሸዋና በሽቦ ፈገፈግሁት። እንደ ጸናጽል አበራ። ሩዙን ባፈስበት ሙጭጭ አለ፤ እንቁላሉ ከብረቱ ጋር አንድ አካል ሆነ። ህሊና በመስኮት አይታ መጋረጃውን መለሰችው።

በዚያው ቀን አከራዩ ሣሩ መታጨዱን ሊያይ መጣ።

«ምጣዱን ምን አደረግኸው?»

«አጠብሁት።»

«አጠብኸው? ያን ጥቁረት ለማምጣት አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል!»

«እኛ አገር አሥር ዓመት ሳይታጠብ የኖረ ዕቃ አያኮራም።»

«አትጠብ ብዬ ውሉ ላይ ልጻፍልህ?»

«ጻፈው። ጢስ አታጭስ፣ ሚስማር አትምታ ከሚለው ሥር ቦታ አለ።»

በማግሥቱ ለእታገኝ ደውዬ ብሶቴን ዘረገፍሁላት። ሳቀችብኝ።

«ምነው አንተ ሰው! ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች አዲስ ድስት ስንገዛ ምን እናደርግ ነበር? ሳይሟሽ ወጥ ይጣድበታል?»

አፈርሁ። ያለ መምህር መጽሐፍ ከፍቼ ራሴን ያስተማርሁ ሰው፣ ጓዳ የሚያውቀውን አላወቅሁም። እውነቱን ልናገርና፣ ልጄንም እንደ ብረቱ ስፈገፍጋት ከርሜ ኖሯል። ማስለቀቅ እንጂ ማሟሸት አላውቅም።

ዘይት እየቀባሁ፣ እያጋልሁ፣ እየወለወልሁ ሳምንት አለፈ። ቅዳሜ የምጣዱን እሳት ስለኩስ ህሊና ወጣች።

«አባባ፣ ትናንት የቀቀልሁት ሩዝ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ትኩሱ ነው የሚጣበቀው።»

ለልጄ ያደረ ላበላ! ቢሆንም አወጣሁት። ሩዙን ከሽንኩርት፣ ከካሮትና ከእንቁላል ጋር አገላበጥሁት። አልያዘም። ሳህን ላመጣ ስል «ተወው» አለችና በማንኪያ ከምጣዱ ጠርዝ ቅርፊቱን እየፋቀች መብላት ጀመረች። እኔም ማንኪያ አነሣሁ።

ከዚያ ለእናቷ ደወለችና ስልኩን ወደ ምጣዱ አዞረችው።

«ሸጋ ነው» አለች እታገኝ። ቀጥላም «የእኔስ በየት በኩል ነው?» አለች።

ህሊና በማገላበጫው ከሩዙ ከፍላ ምጣዱ ላይ ከእኔና ከራሷ መሐል ከመረችላት። ተሰናብተን ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ክምሩ እንዳለ ነው።

«ያርራል፤ እሳቱን አጥፊው» አልኋት።

«ይሙቅላት» አለችኝ።