«ምንም» ብዬ የሞላሁት ቅጽ

መጀመሪያ የጠፋው ቀለም ነው። የኮመንዌልዝ የስፖርት ጨዋታ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ላይ በተደረገበት ዓመት፣ ካርልተን ሰፈር መስቀለኛ መንገድ ላይ ታክሲዬን አቁሜ ስጠብቅ ቀዩ መብራት ግራጫ ሆነብኝ። ከዚያ ዳር ዳሩ ጨለመ። ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ተዋጊ ጄት በኃይል ሲታጠፍ ደም ከጭንቅላት ወደ እግር ይሸሻል፤ ዓይን መጀመሪያ ቀለም ያጣል። መፍትሔው እግርንና ሆድን አጥብቆ መወጠር ነው። ወጠርኩ፤ ቀለሙ ተመለሰ። ግን የተቀመጥኩት የቆመ ታክሲ ውስጥ ነበር።

በሶማሊያው ጦርነት የጠላት ጄቶች መትቼ በመጣሌ ስሜ በራዲዮ ተነግሯል። ከጦርነቱ በኋላ የሙከራ አብራሪ ሆንኩ፤ ከጥገና የወጣ ጄት መጀመሪያ የሚነሳው በእኔ ነበር። መካኒኩ «ሻምበል፣ እንደ አዲስ ነው» ካለኝ ይበልጥ እጠረጥራለሁ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። የጄቱን ጉድለት የላላች ብሎን ሳትቀር ጽፌ አስረክባለሁ። የራሴን ግን ጽፌ አላውቅም። «አሞኛል» ያለ አብራሪ ከበረራ ይታገዳላ! ብዙዎቻችን ለሐኪም እየዋሸን ነው ያረጀነው።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ዓይኔ ሲጨልምብኝ ያየችኝ ልጄ ሔለን ጎትታ የልብ ሐኪም ዘንድ ስትወስደኝ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ራስዎን ስተው ያውቃሉ?» አለችኝ ሐኪሟ።

«በፍጹም።»

እኔን እየጠየቀች ዓይኗ ሔለን ላይ ነበር። ነገሩ አልጣመኝም። መንጃ ፈቃዴን ሊነጥቁኝ የተማከሩ መሰለኝ፤ እሱ ከተወሰደ ደግሞ ቤት የሚውል ሽማግሌ መሆኔ ነው። ደረቴ ላይ ሆልተር ሞኒተር ለጠፉብኝ፤ ቀን ከሌት የልብ ምት የሚቀዳ ትንሽ መሣሪያ ነው። የሚሰማኝን የምጽፍበት ቅጽም ሰጡኝ። መሣሪያውን እንደ ሰላይ ቆጠርኩት። በማግስቱ አውራ ጎዳና ላይ ቀለም ሲጠፋብኝ እግሬን ወጠርኩ። ቅጹ ላይ «ምንም» ብዬ ጻፍኩ።

ሐኪሟ ቅጹንና መሣሪያው የቀዳውን ጎን ለጎን ዘረጋች።

«እዚህ ጋ ልብዎ ለስድስት ሴኮንድ ቆሟል። ምን እያደረጉ ነበር?»

እየነዳሁ ነበር። ከኋላ ነፍሰ ጡር ሴት ተቀምጣለች። ሁሉንም ተናገርኩ።

«ሃርት ብሎክ ይባላል፤ ልብን የሚያስመታው ምልክት መንገድ ላይ ይቋረጣል። ልብ ሲዘገይ የሚቀሰቅስ መሣሪያ፣ ፔስሜከር፣ እናስገባልዎታለን። ፈቃድ እስክሰጥዎ አይነዱም።»

ፔስሜከሩን ከግራ ትከሻዬ በታች ቀበሩት። ክንዴን ወደ ላይ እንዳላነሳ ተከልክዬ፣ በካርልተን ዛፎች ሥር ከሔለን ጋር ቀስ እያልኩ ስራመድ፣ በየአግዳሚው ተቀምጬ የልብ ምቴን ስቆጥር ሳምንታት አለፉ፤ ፔስሜከሩንም ቢሆን ወዲያው አላመንኩትም፣ ማን እንደሞከረው ሐኪሟን ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ። አንድ ቀን ሔለን መንገድ ላይ ቆም አለች።

«አባዬ፣ ያኔ ገና ሳንሄድ ለዶክተሯ ኢሜይል አድርጌላት ነበር። አባቴ ይዋሽሻል፣ አትመኚው ብዬ።»

ጠርጥሬ ነበር። ተናደድኩ፤ ከዚያ ያቺ ነፍሰ ጡር ትዝ አለችኝና ቁጣዬ በረደ። የልጄን እጅ ያዝኩ።

ሐኪሟንና ነርሶቹን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ እየነዳሁ ነው። እናንተም ዓይናችሁ ሲጨልም፣ ራሳችሁ ሲዞር፣ ሳትቀንሱ ተናገሩ። ቤታችሁ የሚያሳብቅባችሁ ልጅ ካለ አትቆጡት። የእኔዋ ባታሳብቅ ኖሮ በሌላ ቀን ልቤ ሲቆም ሌላ ሰው ከኋላዬ ተቀምጦ ይገኝ ነበር። ያቺ ሴት ስትወርድ አመስግናኝ ነበር፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።