ለትልቁ ሞተር የሚሆን ክንፍ

የባለቤቴ ወንድም ለእኔ ስጦታ ሰጥቶኝ አያውቅም። ስለዚህ አንድ እሑድ ከጎባ መጥቶ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ሞተር ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ከደስታ ይልቅ ጥርጣሬ ቀደመኝ።

«ከተበላሸ፣ በእጅ ከሚያዝ የሣር ማጨጃ የወጣ ነው» አለኝ። «አውሮፕላኔ አቅም አነሳት አላልክም?»

ብያለሁ። ሮቤ ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ራሴ የሠራኋት፣ በሁለት ቀጫጭን ሽቦ ይዤ ዙሪያዬን የማበርራት ትንሿ አውሮፕላኔ ቶሎ ይደክማታል፤ ነፋስ ከመጣማ በአፍንጫዋ ትተከላለች። ይህን የነገርኩት ግን ለባለቤቴ ብቻ ነበር።

«እኔ ነኝ የነገርኩት» አለች ስጠይቃት። «ምን ክፋት አለው? ሰው ደግ ሲሆንም ያምሃል?»

የምሠራው አማቴ ግቢ ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ነው፤ ግማሿን የስንዴ ጆንያ ይዞታል። ትልቅ ሞተር ትልቅ አካል ስለሚፈልግ የትንሿን አውሮፕላን ፕላን በካሬ ከፋፈልኩት። ከዚያ በሰፊ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ካሬ በአንድ ተኩል እያሳደግሁ ቅርጹን በእጄ መገልበጥ ጀመርኩ።

የባለቤቴ ወንድም በየእሑዱ ይመጣል። ወረቀቱን ይወጥርልኛል፣ ማስመሪያውን ይይዝልኛል፤ ዓይኑ ግን ጣሪያና መስኮት ላይ ነው። አንዴ ግድግዳውን በጣቱ ሲያንኳኳ አየሁት።

«እንጨቱንም በአንድ ተኩል አወፍረው» አለኝ።

«ሁሉንም ካወፈርኩማ ክብደቱ ከሦስት እጥፍ ያልፋል። አትነሣም።»

ሆን ብሎ ሊያበላሽብኝ ይሆን? ያን ቀን ከሄደ በኋላ የሞተሩን ካንዴላ ፈትቼ ውስጡን በባትሪ መረመርኩ። ምንም አልነበረበትም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ «ክፍሏ ልትጠብህ ነው» አለ። «ጎባ እኔ ጋ ውሰደው፤ ሰፊ በረንዳ አለኝ።»

«ትበቃኛለች።»

«ቶሌ፣ እንደፈለግህ» አለ በኦሮምኛ እየሳቀ። ሳቁ አላማረኝም።

አማቴን ጠየቅኋቸው። «ልጅዎ ስለ ሰርቪሷ ያለዎት ነገር አለ?»

«አለ እንጂ» አሉ፣ ምንም እንዳልተደበቀ ነገር። «ከአጋርፋ ተዛውራ የመጣች አስተማሪ ትከራያት ብሎኛል። አንተ እንደምትለቅ አልነገረህም እንዴ?»

በሚቀጥለው እሑድ ገና ከበሩ ያዝኩት። «ሞተሩን ያመጣኸው ከዚህ ልታስወጣኝ ነው?»

አልካደም። «መጀመሪያ አዎ። ሥራህ ሲሰፋ ራስህ ትወጣለህ ብዬ ነው።» ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ። «አሁን ግን ይህ ሳይበር ማንም አይገባባትም። የግራውን ክንፍ እኮ ግማሹን ያሰመርኩት እኔ ነኝ።»

ባምነው ደስ ባለኝ፤ ግን አላመንኩትም። እስከ መጨረሻው ሙጫውን ሁሉ ራሴ ቀባሁ።

ስንዴው ታጭዶ ሲያልቅ ወደ አጋርፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ባዶ ማሳ ላይ ወጣን። እሱ ጅራቷን ይዞ ሞተሩ ሲያጓራ ለቀቃት። ተነሣች። ክንዴን ልትነቅለው ደረሰች፤ ተረከዜን ገለባው ውስጥ ተክዬ ተሽከረከርኩ። እሱ መሬት ላይ ተኝቶ «ከፍ አድርጋት! ከፍ!» ይላል፣ ሽቦው አናቱ ላይ እያፏጨ። ነዳጇ አልቆ በሆዷ ስታርፍ ሮጦ የደረሰው ከእኔ ቀድሞ ነው፤ ክንፏን እንደ ፈረስ አንገት ያሻሻት ጀመር።

አስተማሪዋ ክፍሏን ተከራየች። እኔም ክንፉን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሬ ጎባ ገባሁ። በረንዳው እውነትም ሰፊ ነው። ለመሣሪያ ሣጥኔ ግን ቁልፍ ገዝቼለታለሁ።